ገመድ ይሳባል እንጂ አይገፋም

አንድ ጊዜ፣ አቤቱታ ከቅጠል በበዛበት ጫካ፣ እንቅልፍ የሚወድ አንበሳ ይገዛ ነበር። ጠዋት ጦጣ ትከሳለች። ቀትር ላይ ከርከሮ ያለቅሳል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥንቸሎች ይጣላሉ። አንበሳው የአንዱንም ጉዳይ ፈትቶ አያውቅም። ነገር ግን ሁሉም የሚጮኹት በእሱ ዋሻ ደጅ ላይ ስለሆነ እንቅልፉ ተጓደለ።

ከዕለታት በአንዱ ቁራ ከከተማ ተመለሰ። ቁራ ከተማ የሚሄደው ቆሻሻ ፍለጋ ነው፤ ሲመለስ ግን ወሬ ይዞ ይመጣል።

«ጌታዬ፣ የሰው ልጅ ከድካም አረፈ» አለ። «ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ወኪል አበጀ። ወኪሉ ዓይን የለው፣ እጅ የለው። ሶፍትዌር የሚሉት መሣሪያ ግን በያይነቱ ሰጥተውታል። አንዱ ደብዳቤ ይልካል፣ አንዱ ይደምራል፣ አንዱ የማያስፈልገውን ይሰርዛል። ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ተጽፎለታል። ወኪሉ የተጻፈውን አንብቦ ለጉዳዩ የሚስማማውን ይመርጥና ያሠራል። ጌታው ይተኛል።»

አንበሳው የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

«እኛስ ምን ጎደለን?»

«መብራት» አለ ቁራ።

አንበሳው አሰበ። ማሰብ አልለመደምና ጅራቱ ተንቀጠቀጠ። «ያለ መብራት የሚሠራ ማን አለ?»

አራዊቱ ሁሉ ወደ መሬት አዩ። ከመሬት በታች ፍልፈል ነበር።

ፍልፈል ፀሐይ አይቶ አያውቅም። የሚኖረው በጨለማ፣ የሚበላው ሥር ነው። በጫካው ሥር ያልቆፈረው ቦታ የለም፤ በየሄዱበት የእሱ ጉድጓድ አፍ አለ። የነገሩትን አይረሳም፤ ያልነገሩትን አይጨምርም። በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር በግምት ሲቆፍር እባብ ቤት ገብቶ ነበር። ወንድሙ አልወጣም፣ እሱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግምት የሚባል ነገር ትቷል።

እሱን ሾሙት። ሐረግ ተገምዶ ከፍልፈል ጉድጓድ ወደ እያንዳንዱ አውሬ ማደሪያ ተዘረጋ። በሐረጉ ጫፍ ላይ ከከብቶች አንገት የወደቀ ቃጭል ተንጠለጠለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ችግር የገጠመው በቅርብ ባገኘው የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሆኖ ይናገራል። ፍልፈል ለጉዳዩ ይሆናል ያለውን አውሬ ገመድ ይስባል፤ ቦታውንም በጉድጓዱ ውስጥ ጮኾ ይነግረዋል። የተጠራው ይሄዳል።

አንበሳው አዋጅ አወጀ። «በቃጭል የተጠራን ያገደ፣ እኔን አገደ!»

ከዚያ ተኛ።

አንድ ነገር ቀረ። የትኛው ገመድ ሲሳብ ምን እንደሚሆን ለፍልፈል ማን ይንገረው? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጫካ አንድን አውሬ በሚሠራው ሥራ መጥራት ነውር ነው። አህያን «ትሸከማለች» ማለት ስድብ፣ ዝሆንን «ያነሣል» ማለት ድፍረት ነው። ባለ ስም የሚጠራው በውዳሴው ነው። ውዳሴ ደግሞ የቀበሮ ሙያ ነው። ሥጋ ሲሰጧት ታወድሳለች፤ ሥጋ ሲጨምሩላት ትጨምራለች። ስለዚህ ሥራው ለቀበሮ ተሰጠ።

መጀመሪያ ዝሆን መጣ።

«እመት ቀበሮ፣ ስለ እኔ ምን ልትነግሪው ነው?»

«ከባድ ነገር በኩምቢው ያነሣል ልበል?»

ዝሆን ጆሮውን ዘረጋ። «ኩሊ ነኝ እንዴ?»

«ይቅርታ ጋሽ ዝሆን፣ ቀልዴን ነው» አለችና አፏን ወደ ጉድጓዱ ደፋች። «ዝሆን ማለት የጫካው ግርማ! የዳመና ጎረቤት! ሲራመድ ምድር የምትሰግድለት!»

«ምን ያደርጋል?» አለ ፍልፈል ከታች።

«አሁን ነገርኩህ እኮ።»

ዝሆን ረክቶ ሄደ። ከኋላው ጅብ ደረሰ።

«እኔንስ ምን ትይኛለሽ?»

«ምን ትሠራለህ አያ ጅቦ?»

«እበላለሁ።»

«ሌላስ?»

ጅብ ብዙ አሰበ። «እደግማለሁ።»

«ይህን ለፍልፈል ከነገርነው ጥንብ ሲገኝ ብቻ ነው የሚጠራህ።»

«ጥንብ እኮ ጥሩ ነው።»

«የቆመውስ?»

የጅብ ምራቅ ወረደ። «የቆመውም... አይከፋም።»

«እንግዲያው ቃጭልህ ቀኑን ሙሉ እንዲጮኽ አደርግልሃለሁ። አንተ ካገኘኸው ሁሉ ጉበቱን ትተውልኛለህ።»

«ጉበት? እመት ቀበሮ፣ ጉበት እኮ...»

«ወይ ጉበት፣ ወይ ጥንብ።»

ጅብ እንባ አቅርሮ እሺ አለ። ቀበሮም ድምፅዋን አሳምራ ወደ ጉድጓዱ ጮኸች። «ጅብ ማለት የችግር ሁሉ መድኃኒት! ትልቅ የለ፣ ትንሽ የለ! ደርሶ ያልፈታው፣ ገብቶ ያልጨረሰው ጉዳይ የለም!»

«እንዴት ነው የሚፈታው?» አለ ፍልፈል።

«በፍጥነት!»

ፍልፈል ተቀበለ። ምን ያድርግ? ዓይን የለውም።

አህያ ከሁሉም ኋላ መጣች። ለቀበሮ የምትሰጠው ነገር አልያዘችም። ቀበሮ አዛጋችና «አህያ፣ አህያ ናት» ብላ ጨረሰች።

ሥራው ተጀመረ። ሁለት ጥንቸሎች በአንድ የገብስ ነዶ ተጣሉ። ፍልፈል የግርማን፣ የክብርን፣ የሞገስን ገመድ ሁሉ በሐሳቡ ዳሰሰ። ችግር ይፈታል የተባለው አንድ ብቻ ነው። የጅብን ገመድ ሳበ። ጅብ መጣ፤ ነዶው ቀረ፣ ጥንቸሎቹ ጠፉ፣ ጠቡም አበቃ። በሌላ ቀን ሽማግሌው ከርከሮ ጉልበቴን አመመኝ አለ። ጅብ መጣ። ከዚያ በኋላ ከርከሮው አመመኝ ብሎ አያውቅም።

አንበሳው ሲነቃ ደጁ ጭር ብሏል። «ቅሬታ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድም የለም» አለች ቀበሮ አፏን እየጠረገች።

«ድሮም ይህ ነበር የሚያስፈልገን» አለና ተገላበጠ።

አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ሳለ አህያ ሴት ልጇን ይዛ ወደ ወንዝ ወረደች። ውርንጭላዋ ገና ክፉና ደጉን ያልለየች ናት። በወንዙ ዳር ለምለም ሣር አየችና ሮጠች። ከሣሩ ሥር ማጥ ነበር። እስከ ሆዷ ገባች። እናቷ ደርሳ ጋማዋን በጥርሷ ይዛ ሳበች። ጋማው በአፏ ቀረ፣ ውርንጭላዋ ይበልጥ ሰመጠች።

«እማ፣ የሚውጠኝ ምንድን ነው?»

«መሬት ነው። አትንፈራገጪ። በተንፈራገጥሽ ቁጥር ትገቢያለሽ።»

«አንቺ የት ልትሄጂ ነው?»

«እዚሁ ነኝ። ጆሮሽን አቁሚ፣ ድምፄን ትሰሚያለሽ።»

ከወንዙ በላይ፣ ከግራሩ ሥር የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ነበር። አህያ ሮጣ ደረሰችና አፏን ደፋች።

«አያ ፍልፈል! ልጄ ማጥ ውስጥ ገብታብኛለች! ድረስልኝ!»

«ማጡ የት ነው?»

«ከግራሩ በታች፣ ወንዙ ዳር!»

ገመድ ሲሳብ ተሰማ። ከወንዙ ማዶ፣ ከቋጥኞቹ መካከል ቃጭል ጮኸ። የአህያ ጆሮ ቀጥ አለ። ያን ቦታ ታውቀዋለች። የማታውቀው አህያ የለም።

«ማንን ነው የጠራኸው?»

«ጅብን።»

«ጅብን! ለልጄ!»

«የችግር ሁሉ መድኃኒት ነው ተብያለሁ።»

«ይበላታል!»

«እንደሚበላ ማንም አልነገረኝም» አለ ፍልፈል። ድምፁ ቀዝቅዟል።

«መልሰው! ገመዱን መልሰው!»

«እመት አህያ፣ ገመድ ይሳባል እንጂ አይገፋም።»

አህያ ቀና ብላ አየች። ጅብ ከቋጥኙ ወርዶ ወንዙን እየተሻገረ ነው። ሄዳ እንዳትራገጥ አዋጁ አለ። አዋጁን ጥሳ ብትራገጥም ልጇ ከማጡ አትወጣም። ከዳር ቆሞ የሚያወጣት ሌላ ያስፈልጋል።

«ሌላ ማን አለ? የሚያነሣ፣ የሚስብ?»

«የሚያነሣ የተባለ የለም። የሚስብ የተባለ የለም።»

«ዝሆንስ?»

«ዝሆን የጫካው ግርማ፣ የዳመና ጎረቤት፣ ሲራመድ ምድር የምትሰግድለት ነው። ምድር ብትሰግድ ልጅሽ ትወጣለች?»

አህያ ያን ጊዜ ገባት። የሚፈለገው ሁሉ በገመዱ ጫፍ አለ፤ ገመዱን የያዘው ግን ጫፉ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። እንባዋን ዋጠችና ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። በጫካው ነውር የተባለውን ሁሉ ተናገረች።

«ስማኝ አያ ፍልፈል። ዝሆን ኩምቢ አለው። ኩምቢው ረጅም ነው፤ ከባድ ነገር ይጠመጥምና ያነሣል። ያነሣውን አይበላም። ቅጠል ነው የሚበላው። ራሱ ማጥ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ክብደቱ ያሰምጠዋል። ከደረቁ መሬት ላይ ቆሞ ኩምቢውን ይዘርጋ።»

«እንዲህ በሉኝ እንጂ!» አለ ፍልፈል።

ገመዱ ሲሳብ አፈር ከጉድጓዱ አፍ ተፈናጠረ።

ማጡ ዳር ጅብ ደርሷል። ደረቱን ነፍቷል። ይህ እንደ ድሮው ስርቆት አይደለም፤ በሹመት የመጣ ነው።

«ችግር ያለብሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎ አያ ጅቦ» አለች ውርንጭላዋ። ጭቃው ደረቷ ላይ ደርሷል።

«አይዞሽ። አሁን ያልቃል።»

«እንዴት ነው የምታወጣኝ?»

ጅብ ግራ ገባው። እስካሁን የረዳቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኙም። «ስለ ማውጣት የነገረኝ የለም» አለ።

ቀበሮም ቃጭሉን ሰምታ ጉበቷን ፍለጋ ደርሳ ነበር። ከደረቁ መሬት ላይ ጅራቷን ጠምጥማ ተቀመጠች። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ጭቃ ነው እመት ቀበሮ። እግሬ ይቆሽሻል።»

«አንተ! ሬሳ ተንተርሰህ ያደግህ ጭቃ ተጸየፍክ?»

ጅብ አፈረ። ገባ። አንድ እግሩን ሲያወጣ ሌላው ይሰምጣል። ሥጋ እያየ ማሰብ አይችልምና ቀጠለ። ከውርንጭላዋ ጅራት አጠገብ ሲደርስ ቆመ። መቆም ፈልጎ አይደለም።

«ዘርጋ አንገትህን!» አለች ቀበሮ።

«ዘርግቻለሁ!»

ጥርሱ ተገጣጠመ። የነከሰው አየር ነበር። ውርንጭላዋ ጅራቷን ሰበሰበች። ጅብ እንደገና ነከሰ። የጅራቷን ጭራ አገኘና ተፋው። ጭቃው አንገቷን አለፈ።

«እማ!»

«እዚህ ነኝ! አገጭሽን ወደ ላይ!» እናቷ ከማጡ አፋፍ ተንበርክካ ነበር።

በዚህ ጊዜ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዝሆን መጣ። ቃጭሉ ከተሰቀለ ጀምሮ ጮኾ ስለማያውቅ ጌጥ መስሎት ነበር።

«ማነው የጠራኝ? ንግሥ አለ?»

«ጋሽ ዝሆን፣ ልጄን አንሣልኝ!»

ዝሆን ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «አንሣ? እኔ? እመት አህያ፣ ስለ እኔ የተባለውን አልሰማሽም? የዳመና ጎረቤት...»

«ሰምቻለሁ! ዳመናህ ያዘነበው ጭቃ ልጄን ሊገድላት ነው! እዚህ ማንም ግርማህን አልጠራም፣ ኩምቢህን ነው የጠራነው! ካወጣሃት በኋላ ስደበኝ፣ ርገጠኝ!»

ማጡ ላይ የቀሩት ሁለት ጆሮና አንድ አፍንጫ ናቸው። ዝሆን አያቸው። በሕይወቱ ብዙ ተወድሷል፤ ለሥራ የፈለገው ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ነው። ወደ ማጡ አንድ እርምጃ አነሣ።

«አትግባ!» ብላ ጮኸች አህያ። «ከደረቁ ላይ ቁም!»

ቆመ። ኩምቢውን ዘረጋ፣ ጭቃውን ሰርስሮ ከውርንጭላዋ ደረት ሥር ጠመጠመ፣ ሳበ። ማጡ እንደ ትልቅ አፍ ተላቀቀ። ውርንጭላዋ በአየር ላይ ተንጠልጥላ ወጣች፤ ደረቁ መሬት ላይ ተቀመጠችና በአፍንጫዋ ጭቃ ረጨች። እናቷ ፊቷን ላሰች፣ ከዚያ በአፏ ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረገቻት።

«ሁለተኛ ለምለም ሣር ላይ እንዳላይሽ!»

«እኔስ?» አለ ጅብ ከማጡ ውስጥ።

ዞሩ። ቀበሮ ከነበረችበት የለችም። ጅብ እስከ ብብቱ ሰምጧል። «ችግር ላይ ነኝ እኮ! ኧረ ችግር ላይ ነኝ!»

ጩኸቱ በጉድጓዱ አፍ ገብቶ ፍልፈል ዘንድ ደረሰ። ፍልፈል ያልነገሩትን አይጨምርም። ማጥ የሚል ቃል አልሰማም፤ የሰማው ችግር የሚል ብቻ ነው። ለችግር ሁሉ መድኃኒቱ ማን እንደሆነ ደግሞ ተነግሮታል፤ ያን ውዳሴ እስካሁን ማንም አልሻረውም። ገመዱን ሳበ።

ከማዶ፣ ከቋጥኞቹ መካከል የጅብ ቃጭል ጮኸ።

«መጣሁ!» አለ ጅብ ከማጡ ውስጥ።

ቃጭሉ ደገመ።

«መጣሁ አልኩ እኮ! ትንሽ ታገሡ፣ ጉዳይ ይዞኝ ነው!»

ዝሆን ሳቀ። ዝሆን ሲስቅ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ሁሉ ይነሣል። ሳቁ ሲበርድለት፣ ማንም ሳያዘው፣ ኩምቢውን ዘርግቶ ጅብን በጆሮው ስቦ አወጣው።

ያ ሳቅ አንበሳውን ቀሰቀሰው። ተቆጥቶ ወጣ። አራዊቱን በፍልፈል ጉድጓድ ዙሪያ ሰበሰበ። ቀበሮንም ከቁጥቋጦ ውስጥ ጎትተው አመጧት።

«ጅብን ወደ ውርንጭላ የላከ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ፍልፈል።

«ለምን?»

ፍልፈል የተነገረውን አንድ ቃል ሳያጎድል፣ የቀበሮን የድምፅ ቅላጼ ጭምር አስመስሎ ተናገረ። ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ።

«ጌታዬ፣ ግጥም እኮ ነው» አለች ቀበሮ። «በግጥም ማጋነን ያለ ነው።»

«ግጥም ቃጭል ላይ አይታሰርም» አለ ፍልፈል። በሕይወቱ ሲቆጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ «ከዛሬ ጀምሮ ውዳሴ አልቀበልም። ስስበው ምን ይሆናል? መቼ ልተወው? ከሳብኩት በኋላ የማይመለስ ነገር አለ? ይህ ያልተነገረኝን ገመድ በጥርሴ እቆርጠዋለሁ» አለ።

አንበሳውም «እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አለ።

ስለ ጅብ እንደ አዲስ ተነገረ። «ጅብ ይበላል። የበላው አይመለስም። ነፍስ ላለው ነገር አይጠራ።» ጅብ ቅር ቢለውም፣ ጥንብ ጥሩ ነው ብሎ ተጽናና። ስለ ዝሆን አህያ የተናገረችው ጸደቀ። ዝሆን ቢያንስ አንዲት ዳመና እንዲያስገቡለት ጠየቀ። ተከለከለ። ስለ አህያ «ትሸከማለች፤ ሲበዛባት ትቆማለች፣ ያን ጊዜ ዱላ አይጨመር» ተባለ። ስለ ቀበሮ «ታወድሳለች፤ ያወደሰችውን ሌላ ይመርምር» ተባለ።

ሁሉም አልቆ ሊበተኑ ሲሉ ፍልፈል ከታች ድምፁን አሰማ።

«አንድ ገመድ ቀርቶኛል።»

«የማን?» አለ አንበሳው።

«የእርስዎ ጌታዬ። የዱር ንጉሥ፣ የጀግኖች አውራ፣ ስሙ የሚያስፈራ ተብያለሁ። ገመድዎ ሲሳብ ምን ይሆናል?»

አራዊቱ ሁሉ ወደ አንበሳው ዞሩ። ዝሆን እንኳ ጆሮውን ማራገብ አቆመ።

«አገሣለሁ» አለ አንበሳው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ሁሉም ይፈራል።»

«ከዚያስ?»

አንበሳው ግራ ቀኝ ተመለከተ። የሚያግዘው ጠፋ። ቀበሮም መሬት መሬት ታያለች።

«ከዚያ እተኛለሁ።»

«ተቀብያለሁ» አለ ፍልፈል። «አንበሳ ያገሣል። ከዚያ ይተኛል።»

አራዊቱ ሁሉ ሳቃቸውን ዋጡ። ውርንጭላዋ ግን ከማጥ የወጣች ናትና የምትፈራው አልቀራትም፤ ሳቀች። አንበሳው ክፉኛ ተቆጣ። አፉን ከፈተ፤ ኮረብታው እስኪያስተጋባ አገሣ።

ከዚያም ተኛ።

ከዚህ የምንማረው፣ በጫካ ላለ ፍልፈልም ሆነ በኮምፒዩተር ውስጥ ላለ ወኪል መሣሪያ የሚያስረክብ ሁሉ ውዳሴውን ትቶ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይነካና ምን እንደሚያጠፋ በግልጽ ካልነገረው፣ ለሚደርሰው ጥፋት ተጠያቂው ገመዱን የሳበው ሳይሆን ስለ ገመዱ የተናገረው መሆኑን ነው።